የሁለታችን ኮድ

ኮዱን የጻፍነው ውትድርና ላይ ከተዋወቅሁት ጓደኛዬ ጋር ነው። የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ትንሽ ነገር ነበር። እሱ ሮቫ ዩድ ዛይን፣ እኔ ሮቫ ቴት በሚባሉ የአንድ ከተማ ሰፈሮች እንኖራለን፤ ከሥራ ስንወጣ ባሕሩ ዳር ተገናኝተን አንድ ላፕቶፕ ላይ እናጎነብስ ነበር። ሲያልቅ ማንም በነፃ ወስዶ የራሱ ፕሮግራም ውስጥ እንዲያስገባው ኢንተርኔት ላይ ለቀቅነው። የማናውቃቸው ሰዎች ወሰዱት። ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

አንድ ሕግም አወጣን፤ ሁለታችንም ካልተስማማን አንዲት ፊደል አትነካም። ያኔ መከባበር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እሱ ልጅ ወለደ፤ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ተጠርቶ ዘመተ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተጠራ። በመሀል አንድ ጎንደር የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ጻፈልን። «ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ኮዳችሁ ያችን ቀን ይዘላታል» ብሎ ማስተካከያውን ራሱ ሠርቶ ላከ። ፈተሽኩት፤ ልክ ነው። ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«የማናውቀው ሰው የላከውን ዝም ብለን አናስገባም። ረጋ ብዬ ልየው» አለኝ።

«እኔ አይቼዋለሁ እኮ።»

«ሁለታችን ነው ያልነው።»

እውነቱን ነው። እሱ እስኪያየው እኔ ጠበቅሁ። እሱም፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ እኔ እስካስታውሰው ይጠብቅ ነበር። የጎንደሩ ሰው ደጋግሞ ጠየቀና ዝም አለ።

እናቴ ስልክ ላይ ቀኑን በአማርኛ የሚያሳይ ፕሮግራም አለ። ውስጡ የእኛ ኮድ እንዳለ አታውቅም። አንድ ጠዋት አገር ቤት ለቀረች የድሮ ጎረቤቷ ደውላ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ!» ስትል ሰማኋት። ወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ።

«ነገ ነው እንጂ! ዛሬ እኮ ጳጉሜን ስድስት ናት።»

እናቴ አብራ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ግን ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«ቀኑም ይጠፋኝ ጀመር እንግዲህ» አለች።

«አንቺ አይደለሽም እማዬ፣ ስልኩ ነው። ኮዱ የእኛ ነው፣ ስህተቱም የእኛ።»

«ተወኝ ልጄ፣ ለማጽናናት ብለህ ነው።»

ያን ዕለት ማንንም ሳልጠይቅ ማስተካከያውን አስገባሁት። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ወስደው ስልኮቹ ላይ ያለው እስኪታደስ በዓሉ አልፎ ነበር። ለጓደኛዬ ስነግረው ጠየቀኝ።

«ያኔውኑ ብታስገባው ምን እል ነበር?»

«ትቆጣ ነበር።»

«እቆጣና ይበርድልኝ ነበር።»

የጎንደሩን ሰው አመስግነን ሦስተኛችን እንዲሆን ለመንነው። መልሱ ጨዋ ነበር፤ ያኔ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን የራሴን ጀምሬያለሁ አለን። የእሱን አየሁት፤ ከእኛ ይሻላል።

እናቴ ስልኳን ዳግም አላመነችም። ራሷንም እንደዚያው። ዘመድ ጋር ልትደውል ስትል መጀመሪያ እኔን ትጠራኛለች።

«ዛሬ ስንት ነው ልጄ?»