በጓሮ በኩል የደፈንኩት ቀዳዳ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም የሻርኩበትን፣ በሐሰት የማልኩበትን፣ ወንድሜን በድንበር የገፋሁበትን ሁሉ ተናዝዣለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ እናንተም አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ግንበኛ ነበርኩ። ከመሐል ሜዳ እስከ ዘመሮ ባሉት የመንዝ መንደሮች፣ የድንጋይ ቤት ያሰኘው ሰው መጀመሪያ የሚያስጠራው እኔን ነበር። በዚህም እኮራ ነበር። ኩራት ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ እታበይ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ድርቁ በጠናበት ዓመት፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች አስጠሩኝ። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ቤታቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ዘንድ ብርቄ የምትባል ልጃገረድ ተጠግታ ነበር፤ ረሃቡ ከቆላ ያፈናቀላት፣ እናቷን መንገድ ላይ የቀበረች። እትዬ እንደ ልጃቸው ነበር የያዟት።

«ዶሮዎቼ ቤት ውስጥ እያደሩ እያለቁ ነው» አሉኝ። «ሰዉ ልጅቷ ናት፣ በረሃብተኞች መጠለያ ላሉት ዘመዶቿ እየወሰደች ነው ይለኛል። እኔ ሸለምጥማጥ ነው እላለሁ። ቤቱን የሠራኸው አንተ ነህ፤ በየት እንደሚገባ እስቲ እይልኝ። ቀዳዳ ከተገኘ አፋቸውን ይዘጋሉ።»

ግንቡን ከሥሩ ጀምሬ ዞርኩት፤ ምንም የለም። በጓሮ በኩል መሰላል አቁሜ ወጣሁ። መሰላሉን የያዘችልኝ ብርቄ ነበረች። እኛ አገር ግንቡ አልቆ የጣሪያው እንጨት፣ ወራጁ፣ ከተጋደመ በኋላ፣ በወራጅና በወራጅ መካከል የሚቀረው ክፍት በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል፤ የጓሳ ሣሩ የሚከደነው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቤት ስጨርስ ግን ለሌላ ሥራ ቸኩዬ፣ በጓሮ በኩል አንዱን ክፍት ጓሳ ጠቅጥቄበት ነበር የወረድኩት። ማን ያየዋል ብዬ። እውነትም ከሸለምጥማጡ በቀር ማንም አላየውም።

ጓሳው ተበርቅሷል። ድንጋዩ ላይ ጸጉር ተጣብቋል፤ ውስጡ የዶሮ ላባ አለ።

«ጋሼ፣ አገኙት?» አለችኝ ብርቄ ከታች።

አዎ ማለት ምን ነበረበት? አንድ ቃል አይደለም? እኔ ግን «የለም» አልኩ። ላባውን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

«ነፋስ እንዳያስገባ ላስተካክለው፤ እስቲ ጭቃ አቀብይኝ» አልኳት። በእግሯ ረግጣ አቦካችው፤ ድንጋይም መርጣ አቀበለችኝ። እሷን ነጻ የሚያወጣትን ቀዳዳ እሷው ባቦካችው ጭቃ ደፈንኩት። እኔ ነኝ የደፈንኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። ከዚያም ወርጄ እትዬን «ግንቡ ደኅና ነው፤ በዚህ ቤት አውሬ የሚገባበት የለም» አልኳቸው። እሳቸውም ዞር ብለው ልጅቷን አዩዋት።

የባሰው በኋላ መጣ። ቀዳዳው ስለተደፈነ ዶሮ መጥፋቱ ቆመ። መንደሩም «አያችሁ፣ ሲነቃባት ተወችው» አለ። ለእኔ ደግሞ መሰከሩልኝ፤ የእሱ ግንብ አውሬ አያስገባም ተባለና የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን እንድሠራ ተሰጠኝ። ልጆቼ ተርበው ነበር፣ ለእንጀራ ብዬ ነው ልላችሁ እችላለሁ። ውሸት ነው። መሰላሉ ላይ ሆኜ ልጆቼ ትዝ አላሉኝም፤ ትዝ ያለኝ ስሜ ነው።

እትዬ ዘነበች ብርቄን አሰናበቷት። ወደ መጠለያው ሄደች፤ ከዚያም ለሰፈራ ተመዘገበች። መሐል ሜዳ ለገበያ ሄጄ ሳለ ሰፋሪዎቹ መኪና ላይ ሲሳፈሩ አየኋት። ልሸሽ ስል እሷም አየችኝ። እዚያው ላይ ሆና በአክብሮት እጅ ነሣችኝ።

«ጋሼ፣ እትዬን ደኅና ይሁኑ ይበሉልኝ። ግንቡንም እባክዎ ደግመው ይዩት፤ አንድ የሚገባበት አያጣም። ዶሮዎቹ እንዳያልቁባቸው።»

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። ብናገር ኖሮ ያወርዷት ነበር? አላውቅም፤ አልሞከርኩትማ! መኪናው ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ብርቄ የሰማ የለም። እትዬ ዘነበችም እስኪሞቱ ድረስ «እንደ ልጄ ይዣት» እያሉ ሲያዝኑባት ኖሩ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ያ ቤት ዛሬም አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል። ያ የደፈንኩት ድንጋይ ግን አልተነቃነቀም፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ በሕይወት ትኑር አትኑር ደግሞ አላውቅም። ብቻ ባላችሁበት አገር፣ በልጅነቷ መንዝ የኖረች ብርቄ የምትባል ሴት ብታገኙ፣ መሰላሉን ይዛ ለጠየቀችኝ መልሱን አድርሱልኝ። አዎ፣ አግኝቼው ነበር።