የእማዬ ነጭ ክር

«ልጄ፣ ስፌትሽ የታለ?» አሉኝ አባዬ ዛሬ፣ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣታቸው እየዳበሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ብርዱ ጠንቶባቸዋል። እኔም የቀሚሶቿን ቁርጥራጭ ገጣጥሜ ብርድ ልብስ ሠራሁላቸው፤ ዓረብ አገር ሳለሁ የተማርኩት ሙያ ነው። የቀረኝ ጠርዙን በእጅ መስፋት ብቻ ነበር።

ጠርዙ አረንጓዴ ነው። ስፌቱ እንዳይታይ ብዬ ጨርቁን ይዤ የደብረ ታቦርን ገበያ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። (ባል ስመርጥ እንዲህ ተጠንቅቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ አወራችሁ ነበር።) በመጨረሻ ጨርቁን ቁርጥ የሚመስል ክር አገኘሁና ግማሹን ሰፋሁ። ምንም አይታይም። ኮራሁ!

አባዬ ግን የኮታቸውን እጅጌ አሳዩኝ። ጥቁር ኮት ላይ ነጭ ስፌት።

እማዬ የሱቅ ክር ገዝታ አታውቅም። ራሷ የፈተለችውን ነጭ ጥጥ በሰም አሽታ፣ ጥቁሩንም ቀዩንም በእሱ ትጠግን ነበር። ትምህርት ቤት እኛ ልጆቿ ከሩቅ የምንታወቀው በዚያ ስፌት ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ አባዬ። «የሷ ነጩ ግን ይታየኛል።»

አረንጓዴውን ፈታሁት። ከሳጥኗ የመጨረሻዋን ልቃቂት አወጣሁ።

አሁን አባዬ አጠገቤ ተቀምጠው ክሩን በሰም እያሹ ያቀብሉኛል። ለጠርዙ ሁሉ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። ካልበቃ እንዝርቷ አለ፤ እኔው እፈትላለሁ።

እናንተስ፣ ልብሳችሁ ላይ የማን እጅ ስፌት ቀርቷል? እስኪ ጻፉልኝ፤ ለአባዬ አነብላቸዋለሁ።