ቆቡን ለማን ያንሳ?

በከተማችን በሃርደንሾ ሰው ሲተዋወቅ ስምህ ማን ነው ከማለቱ በፊት በሆዱ የሚያጣራው አንድ ነገር አለ፤ ግራመር ገብቷል ወይስ አልገባም? ግራመር የምንለው ኮረብታው ላይ ያለውን የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ግድም ልጅ ያልወለደ አንድ የሱፍ ነጋዴ ለነፍሱ ብሎ ለአሥራ ሁለት ድሃ ልጆች አቆመው። ድሆቹ ግን ብዙም አልቆዩበትም። የጠበቃና የባለ ፋብሪካ ልጆች እየከፈሉ ሞሉትና ለድሃ የቀረው በፈተና የሚገኝ ጥቂት ነፃ ቦታ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ክፍያው ቀርቶ ለሁሉም ፈተና ብቻ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ይፈተናል፤ ያለፈ ወደ ኮረብታው ይወጣል፣ የወደቀ ከጋዝ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ትምህርት ቤት ይወርዳል። በዚያ ዕድሜው የተለያየ ልጅ ደግሞ ሸምግሎም ቢሆን በአንድ መጠጥ ቤት አይቀመጥም።

ዊልፍሬድ ክላፋም የወረደ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሊዮኔል ግን ወጣ። ዊልፍሬድን ለምን እንደወደቀ ብትጠይቁት የፈተናው ዕለት ጥርሴን አሞኝ ነበር ይላችኋል። እውነቱን ለመናገር ጥርሱን ያመመው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ሊዮኔል ባለፈ ጊዜ አባታቸው እንደ አገሩ ወግ ብስክሌት ገዛለት። ታናሽየው ደወሉን እያቃጨለ ሽቅብ ሲወጣ ታላቅየው በእግሩ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ያኔ የገባ ቅናት ዕድሜ ልኩን አልወጣለትም።

በአሥራ አራት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ገበያ መንገድ ላይ ባለው በሚስተር ሰግደን ልብስ ሱቅ ተቀጠረ። ዕጣ ፈንታው ሲቀልድበት ደግሞ የግራመርን ሐምራዊ ቆብ እንዲሸጥ የተፈቀደለት በከተማው ያ ሱቅ ብቻ ነው። በየክረምቱ መጨረሻ እናቶች ያለፉ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ፤ ዊልፍሬድ የልጁን ጭንቅላት ይለካል፣ ቆቡን ይደፋለታል፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። በከተማው ያን ቆብ ከእሱ በላይ የነካ የለም። አንድ ቀን ሱቁ ባዶ ሆኖለት በመስታወት ፊት እሱም ደፋው። ሚስተር ሰግደን ከጓዳ ብቅ ብሎ «ምነው ዊልፍ፣ ጠበበህ እንዴ?» አለው። ይህች ነገር ከተማውን ዞረች።

ሊዮኔል እንኳ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እዚያው ቢቀር ይሻል ነበር። አልቀረም። ጥቁር ካባ ለብሶ በገዛ ትምህርት ቤቱ የላቲን መምህር ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ እናታቸው ያለ እሱ ቃል የማትንቀሳቀስ ሆነች። ጣሪያው ሲያፈስ ዊልፍሬድ መሰላል ተሸክሞ ይመጣል፤ እሷ ግን «ቆይ እስቲ፣ ሊዮኔል ምን ይላል?» ትለዋለች። ዊልፍሬድ መሰላሉ ላይ ሆኖ የወንድሙን ቃል ይጠብቃል።

እግዜር ሲፈርድ ለሁለቱም ወንድማማቾች በአንድ ዓመት ወንድ ልጅ ሰጣቸው፤ ለዊልፍሬድ ኔቪል፣ ለሊዮኔል ክላይቭ። ልጆቹ በአንድ ቀን ተፈተኑ። ኔቪል አለፈ። የላቲን መምህሩ ልጅ ክላይቭ ወደቀ።

ዊልፍሬድ የዚያን እሑድ እናቱ ቤት የገባው እንደ ሙሽራ ነው። ሻይ ተቀዳ፣ ኬክ ተቆረጠ፣ ማንም የፈተናን ነገር አላነሳም። እሱ ግን አላስቻለውም።

«ምነው፣ ክላይቭ ጥርሱን አሞት ነበር እንዴ?» አለ ወንድሙን እያየ።

ሚስቱ ሂልዳ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችው። ሊዮኔል ሲኒውን አስቀመጠ።

«አይ፣ አላመመውም። ወደቀ፣ በቃ» አለ።

እንደዚያ ያለ መልስ ዊልፍሬድ አልጠበቀም። ወንድሙ ሲያፍር ማየት ነበር ያማረው፤ ሰውየው ግን ከውድቀት ላይ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ ተነሣበት።

ቢሆንም ክረምቱ ደረሰና ዊልፍሬድ በገዛ እጁ በልጁ ራስ ላይ ቆቡን ደፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከኮረብታው ሐምራዊው መንጋ ይወርዳል፤ ከመካከሉ የእሱን ሲያይ እጁን ያነሣል፣ ልጁም እጁን ያነሣለታል። ሰውዬው በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ የጣመው ነገር የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባትና ልጅ የተጠበሰ ዓሣ ሊገዙ ገበያ መንገድን ይዘው ሲሄዱ ሊዮኔል ከትምባሆ ሱቅ ወጣ። ኔቪል እንደ ወታደር ቀጥ አለና ቆቡን ከራሱ ብድግ አደረገ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ።»

«እንደምን ዋልክ፣ ክላፋም» አለ ሊዮኔል። ቀጥሎ ለወንድሙ «ዊልፍ፣ ሰላም ነው?» ብሎ ጃንጥላውን እያወዛወዘ አለፈ።

የዊልፍሬድ ፊት ቲማቲም መሰለ። «ምንድን ነው አሁን ያደረግኸው?»

«ደንብ ነዋ፣ አባዬ። መምህር መንገድ ላይ ካገኘህ ቆብ ታነሣለህ።»

«አጎትህ እኮ ነው! በሕፃንነትህ ትከሻው ላይ የተፋህበት ሊዮኔል!»

«ኮረብታው ላይ አጎት ብሎ ነገር የለም። ካላነሣህ በዱላ ነው።»

«ለእኔስ? ለእኔ ታነሣልኛለህ?»

ልጁ ግራ ገባው። «ደንቡ ላይ ስለ አባት የሚል የለም» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ዊልፍሬድ ዓሣውን አልበላም። ለልጁ የደፋለት ቆብ ለዚያ ሰውዬ እጅ መንሻ ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ኮረብታ ወንድሙ ብቻ ነበር የያዘበት፤ አሁን ልጁንም ጨመረበት። ማታ እራት ላይ ቡጢውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ስማ! ከእንግዲህ ለሊዮኔል ቆብ አንሥተህ፣ ጌታዬ ብለህ ባይ ወዮልህ! ሰምተሃል?»

«አባዬ፣ ይቀጡኛል እኮ!»

«ይቅጡህ!»

ኔቪል እያለቀሰ ፎቅ ወጣ። ሂልዳ ሳህኖቹን እየሰበሰበች «ቢወድቅ ልትቀጣው ነበር፣ አልፎም አልቀረለትም» አለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ አልሰማህም?»

«አንቺ ደግሞ የእሱ ጠበቃ!»

«የማንም ጠበቃ አይደለሁም። ቅናትህ ሾርባ ቢሆን ኖሮ ሃርደንሾ በሙሉ ጠግቦ ያድር ነበር።»

በሚቀጥለው ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ መንጋው ወረደ፤ ኔቪል ግን አልነበረበትም። ራግቢ ልምምድ ነበረብኝ አለ። ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ተለዋወጠ እንጂ ልጁ በሱቁ ደጃፍ አላለፈም። ዊልፍሬድ መስኮቱን እየወለወለ ቆብ ከቆብ ሲለይ ይውላል። የሚያልፉት የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

ኅዳር ላይ ክላይቭ ለሸሚዙ ቁልፍ ሊገዛ መጣ። ዊልፍሬድ ነገር አይደብቅም፤ ቁልፉን እየቆጠረ ጠየቀው።

«ኔቪልን ታየዋለህ?»

«በቦዩ በኩል ነው የሚሄደው፣ አጎቴ። ከአባቴ ጋር።» ልጁ ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ። «አባቴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀዋል። እኔን ጠብቆኝ አያውቅም።»

ይህን ሲል የክላይቭ ዓይን ዊልፍሬድ የሚያውቀው ዓይን ሆነበት፤ ያው የራሱ የልጅነት ዓይን። ሊያጽናናው ፈልጎ ሁለት ቁልፍ ጨመረለት።

በማግስቱ ራሴን አመመኝ ብሎ ከሱቁ ወጣና የቦዩ ድልድይ ሥር ቆመ። ሁለቱን ባንድ ላይ ሲይዝ የሚላቸውን ሁሉ አሰናድቷል። አንተ ሌባ የምትለዋ የመጀመሪያዋ ነበረች።

መጡ። ሊዮኔል ካባውን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎታል። ኔቪል ራሱን ገልጦ ቆቡን ኪሱ ውስጥ ጠቅጥቆታል፤ እየዘለለና እየሳቀ የርእሰ መምህሩን አነጋገር ያስመስላል።

«አጎቴ፣ ስማኝማ! አፍንጫው እንዲህ አይደል የሚነፋው?»

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ልታስባርረኝ ነው!» ሊዮኔልን ሳቅ አፈነው። እጁ የልጁ ማጅራት ላይ ነበር።

ዊልፍሬድ የድልድዩ ድንጋይ ላይ ተለጠፈ። የከለከለው ቆብ ማንሣትንና ጌታዬ ማለትን ነው፤ ልጁ ታዟል፣ ሁለቱም ቀርተዋል። ያሰናዳው ስድብ መነሻ አጣ። ቀና። በብስክሌቱ ቀን ከቀናው በላይ ቀና፤ እንዲህ ሲስቅ ልጁን ሰምቶት አያውቅም።

«አባትህን ሰላም በልልኝ» አለ ሊዮኔል ድልድዩ ጋ ሲለያዩ።

«እንዲያ ካልኩትማ በዚህ መምጣቴን ያውቅብኛል።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለ ሊዮኔል፤ ድምፁ ወረደ። ልጁ ቆቡን አውጥቶ ደፋና ወደ ቤቱ ሮጠ።

ማታ ሦስቱ ለእራት ተቀመጡ። ዊልፍሬድ ድንቹን ለልጁ እያቀበለ «ዛሬ በየት በኩል መጣህ?» አለው።

«በገበያው በኩል ነዋ፣ አባዬ» አለ ኔቪል ሳይደናገጥ፣ ዓይኑን ዓይኑ ላይ አድርጎ። «ሰው ታስተናግድ ስለነበር አላየኸኝም።»

ሂልዳ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ዊልፍሬድ ሹካውን አነሣ።

«አዎ» አለ። «ሰው ነበረብኝ።»