አስተርጓሚዋ የሰማችው

ጥሩሐረግ በሰቆጣ ከተማ ፍርድ ቤት ለቆሙ ገበሬዎች ከኽምጣና ወደ አማርኛ ስታስተረጉም አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ገበያው የተባለ በዚያው አካባቢ የዝቋላ ወረዳ ሰው ወንድሙን በመጥረቢያ ገደለና የአእምሮው ጤንነት እንዲመረመር ታዘዘ። ሐኪሙ ኽምጣና ስለማይችል እሷ መሃላቸው ተቀመጠች።

«ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለህ?» ብሎ ሐኪሙ ጠየቀ።

ገበያው በኽምጣና ረጋ ብሎ መለሰ። ጥሩሐረግ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«ምን አለ?»

ብትደብቀው ማንም አያውቅባትም፤ ሰውየው ግን እንደ ጤነኛ ይፈረድበታል።

«እሰማለሁ፤ ‹ከወንድምህ ቀጥለህ ይህችን አስተርጓሚ ግደላት› ይለኛል ነው የሚለው» አለች።

ሐኪሙ ጻፈ። ፍርድ ቤቱም ገበያውን ለሕክምና ላከው፤ ሲድን ይለቀቃል። ጥሩሐረግ በየወሩ ወደ ሆስፒታሉ ትደውላለች። ትናንት ነርሷ በደስታ፣ «በጣም ተሽሎታል፤ ስለ እርስዎም ይጠይቃል» አለቻት።