የጀፎረው ቁልፍ

አናጺው ወልዴ ጀፎረ ላይ አጥር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ጀፎረ የመንደሩ ሰፊ ሣር መስክም መንገድም ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም እዚያው ነው። በጉብሬ መንገድ ዳር ያለችውን የወልዴን መንደር ከተማው ዋጥ ካደረጋት ወዲህ መስኩ ላይ ዓይኑን የሚጥል በዛ፤ ወልዴም ራሱን በራሱ ዘበኛ አድርጎ ሾመ።

ጎረቤቱ ሰማን አንድ ጊዜ ለበጎቹ ብሎ አጥሩን ወደ ጀፎረው ገፋ ቢያደርግ፣ ወልዴ ሽማግሌ ሰብስቦ በሰው ፊት አስነቀለው። ሰማን ጨዋ ነው፤ ነቀለ። ሰላምታቸው ግን ከዚያ ወዲያ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪውን ሰብስቦ፣ ጀፎረው አረንጓዴ ስፍራ ይሁን ወይስ ለቤት መሥሪያ ይሸንሸን ብሎ ጠየቀ። ወልዴ ከሁሉ ቀድሞ ለአረንጓዴው እጁን አወጣ። ድሮስ መቼ ቢጫ ነበር! እየሮጠ ሄዶ አልጋ ላይ ላሉት እናቱ ለእማማ አደይ ነገራቸው።

«እንግዲህ ለቅሶዬን ጓሮ እንዳትደብቁት» አሉት። «እንደ አባትህ፣ ጀፎረው ላይ ነው።»

«እንዴታ! ጀፎረው ላይ ነው» አለ ወልዴ።

ክረምቱ ሳይወጣ የብረት አጥር መጣ። መናፈሻ ነው ተባለ። በር፣ ቁልፍ፣ ጥበቃ፣ ደግሞም ፏፏቴ! ቧንቧው ጠብ የማይልለት ሰፈር ፏፏቴ ተተከለለት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ባለቤቱን ንቀው አጥር ተከሉበት። ወልዴ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰ፤ ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ሲያገኛቸው በትሕትና ሳቁበት።

«አባቴ፣ ቀድመው እጅ ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ወልዴ ያቺን እጁን ቢቆርጣት በወደደ።

እማማ አደይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አረፉ። ለቀስተኛው ከአዲስ አበባም ከወልቂጤም መጉረፍ ጀመረ፤ ወልዴ ድንኳን አሸክሞ መናፈሻው በር ላይ ቆመ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለ ጥበቃው። «ግን ያለ ደብዳቤ አልከፍትም፤ እንጀራዬ ነው። ቢሮ የሚከፈተው ሰኞ ነው።»

«እናቴ እስከ ሰኞ ትጠብቅ?»

ጥበቃው አቀረቀረ፤ በሩን ግን አልከፈተም። ለቀስተኛው መንገድ ዳር ተኮለኮለ፤ ባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ በመሃላቸው ያልፋል። ወልዴ በእናቱ ሞት ላይ ኀፍረት ተጨምሮበት እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሰማን መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አለው። ቀጥሎም የብረቱን በር አየት አደረገና፣ «ያኔ አጥሬን ባታስነቅለኝ ኖሮ ዛሬ ቁልፉን የምትለምነው እኔን ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜም እከፍታለሁ» አለ።

ወልዴ እንባውን ጠረገ።

ሰማን ወደ ቤቱ ዞሮ ልጆቹን ተጣራ። «የመንገድ ዳሩን አጥር ንቀሉት! ድንኳኑ እኛ ግቢ ይገባል።»

ወልዴ ፊት የሰማን አጥር ሲነቀል ሁለተኛ ጊዜው ነበር። የመጀመሪያውን መሃል ቆሞ እያዘዘ አስነቅሎታል፤ ይህኛውን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።