ግማሽ የታረመ መዝገብ

ባለፈው ሳምንት መካነ ኢየሱስ የንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ተሰልፌ ዋልኩ። ጉልበቴ ለሰልፍ አልተፈጠረም። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ፋይልዎን ሌላ ሠራተኛ እያረመው ነው። እሱ እስኪጨርስ ለእኔ የሚያሳየኝ የድሮውን ነው» አለችኝ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ አጉረመረመ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

በወጣትነቴ ወገዳ ውስጥ ማመልከቻ በኮምፒውተር እየጻፍኩ እኖር ነበር። መሬት የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት መጣና ጣቴ ፈጣን ነው ብሎ ቀጠረኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ አላለፈም፤ ጣትን ደግሞ ሰርተፍኬት የሚጠይቀው የለም።

የመዝገቡን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው ዳኛቸው የሚባል ባለሙያ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮናል። «ለውጥ ስታስገቡ በቅጹ በኩል ግቡ። ሁሉንም ሞልታችሁ ‹አጽድቅ› እስክትሉ ድረስ ሌላው ሰው የሚያየው የቀድሞውን ሙሉ መዝገብ ነው። ውስጥ ያሉትን ሰንጠረዦች ግን እንዳትነኩ፤ እዚያ የነካችሁት ሁሉ ወዲያው ይጸናል።»

ቅጹ ያዘግማል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። ዳኛቸው የሰንጠረዦቹን የይለፍ ቃል ሲጽፍ ከጀርባው ሆኜ አይቼ ይዤዋለሁ። ሰንጠረዡን በቀጥታ ከፍቼ እሰርዛለሁ፣ እጽፋለሁ። ሌላው ሦስት ፋይል ሲጨርስ እኔ አሥር።

አንድ ቀን የወይዘሮ ጥሩወርቅ ፋይል ደረሰኝ። ከባላቸው ተፋትተው በጋራ ስም የነበረው የገብስ ማሳ ለሁለት ተከፍሏል። የድሮውን መስመር ሰረዝኩ፤ የባልየውን ድርሻ ጻፍኩ። የእሳቸውን ልጽፍ ስል ራበኝ። የጾም ቀን ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሽሮ ሳያልቅ ብዬ ሮጥኩ። ሽሮው ይንተከተካል፣ ቃሪያው ያቃጥላል፤ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም፤ ቢጠፋ በወደድኩ። እኔ ስበላ የሥራ ጓደኛዬ አበባው ለሕዝብ የሚለጠፈውን ዝርዝር አተመ። ተመልሼ የቀረውን መስመር ጻፍኩ። መዝገቡ ሞላ፤ ወረቀቱ ግን ግማሹን ይዞ ወደ ቀበሌው ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሰኔ ጭቃ የአምስት ሰዓት መንገድ ተጉዘው መጡ።

«ስሜን የት ጣላችሁት?» አሉ።

«እማማ፣ ይኸው አለ» አልኳቸው፣ ስክሪኑን እያሳየሁ።

«እዚያ ሳጥን ውስጥማ ይኑር። የባሌ ወንድም ወረቀቱን አስነብቦ መሬት የለሽም ብሎ በሬውን አስገብቶብኛል። እስቲ ና፣ በሳጥንህ በሬውን መልስልኝ።»

ዳኛቸው ነገሩን ሲሰማ አልጮኸብኝም። «ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ሄደህ አንተው ተናገር» ብቻ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌያቸው ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። የማሳው ግማሽ የወይዘሮ ጥሩወርቅ መሆኑ ታወቀ። የባላቸው ወንድም ግን ዘርቶበታል፤ «የዘራሁትን አጭጄ ልውጣ» አለ። ሽማግሌዎቹም ለከርሞ ይመለስላቸው ብለው ወሰኑ። እሳቸው ያንን ክረምት የሰው ማሳ እያረሙ ከረሙ። እኔ ሥራውን ለቅቄ ባቄላ ንግድ ገባሁ።

«ጋሼ፣ አልቋል፤ ይምጡ» አለችኝ የመስኮቷ ልጅ። ፈቃዴን ተቀበልኩ። ዛሬ ማሽኑ ያላለቀ ሥራ ለሰው አያሳይም፤ ውስጡንም እንደ እኔ ያለ ብልጥ እንዳይነካው ይቆልፉታል። ደግ አደረጉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አሁንም ወገዳ ገበያ ባቄላቸውን የሚያመጡት ለእኔ ነው። ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ ስለዚያ ክረምት ግን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ቢያነሱብኝ ይቀለኝ ነበር።