አባታችን በቁሙ ያወጣው ተዝካር

አባታችን ወገራ ውስጥ፣ ከመኪና መንገዱ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደጋ ላይ ገብስ እያረሰ የኖረ ሰው ነበር። እናታችን የሞተችው እኔና ወንድሜ ጎንደር ተምረን ሥራ ከያዝን በኋላ ነው። እሱ አስተማሪ ሆነ፤ እኔ ነርስ። ከሁለታችን በቀር ልጅ አልነበራቸውም።

ወንድሜ ደርግ ሲመጣ ከልቡ ያመነ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው ሰው ለሹመት ሲል ወይም ፈርቶ ነበር የሚገባው። እሱ ግን መጽሐፎቹን አንብቦ፣ አስቦና ከራሱ ጋር ተሟግቶ ነው የፓርቲ አባል የሆነው። ሰው ሲሞት አለቀ፣ ነፍስ የሚባል ነገር የለም ይል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ላይ ግን ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም። ሲያልፍ አይሳለምም፣ በቃ። ውሸት ደግሞ አይችልበትም። ልጅ ሆነን እንኳ ጥጃ አጥብተን ስንያዝ እኔ ሰበብ ስፈልግ እሱ «አዎ፣ እኛ ነን» ብሎ የሚገረፍ ነበር።

አባታችንን ያመመው በበጋ ነው። እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ የአገር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ድረስ አወጡልንና እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ ልቡ መድከሙን ነገረን። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ሲወስድ እብጠቱ ጎደለ፣ ፊቱም ተመለሰ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ለጊዜው ነው፤ ድኗል ብለሽ እንዳትዘናጊ» አለኝ። ለአባታችን ማንም አልነገረውም። እሱ ግን ያውቅ ነበር።

እስኪጠና ድረስ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ወንድሜ በተከራየው ቤት ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ እሑድ ሦስታችንም እዚያ ተቀምጠን ሳለ፣ ወንድሜን ዞር ብሎ አየውና፣

«ልጄ፣ እኔ እንግዲህ መንገደኛ ነኝ። ስሞት ተዝካሬን ታወጣልኝ አይደል?» አለው።

ወንድሜ የሚያነበውን ጋዜጣ አጠፈ። «አባባ፣ አሁን ምን ሞት አመጣብን? ተሽሎዎት የለም እንዴ?»

«ተሽሎኛል። እሱን አልጠየቅሁህም።»

ወንድሜን እሺ እንዲለው በዓይኔ ለመንሁት፤ አላየኝም። «በሕይወት እስካሉ ድረስ ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ። የለበስሁትን ሸጬም ቢሆን አሳክምዎታለሁ። ሰው ከሞተ ወዲያ ግን የሚደርሰው ነገር አለ ብዬ አላምንም። አደርጋለሁ ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለው።

«ምነው ልጄ፣ የምሞተው እኔ አይደለሁም እንዴ? ያንተ ማመን ለኔ ምን ይረባኛል? ድሃ አብላልኝ ነው ያልሁህ።»

እኔ ሳቄ መጣ። ወንድሜ ግን አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር። አባታችን ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና ሌላ ጥያቄ ጠየቀው።

«ታዲያ እናትህ አሁን የት ናት?»

«እኔ ዘንድ ናት» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። «ሳስባት አለች።»

«አንተ ስትሞትሳ?»

ወንድሜ የታጠፈውን ጋዜጣ እንደገና አጠፈው።

«አንተ የሞትህ ቀን እናትህ ሁለተኛ ልትሞት ነዋ» አለ አባታችን። በቁጣ አልነበረም። ለእሷ እንዳዘነላት ሁሉ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የተናገረው። ከዚያ ወዲያ ስለ ተዝካር አላነሣበትም።

ወንድሜን ወጥ ቤት ተከትዬ ገብቼ ተቆጣሁት። «እሺ ብትለው ምን ነበረበት? ከሞተ በኋላ የሚጠይቅህ የለ!»

«እኮ፣ ለዚያ ነው» አለኝ። «የሚጠይቀኝ የለም ብዬ አባቴን ላታልለው? አርጅቶ ታመመ ተብሎ እንደ ሕፃን ይደለል? እኔን ሰው አድርጎ ያሳደገኝ ሰው እኮ ነው፤ እውነቱን ሊሰማ ይገባዋል።»

 ዛሬም አፌን ሞልቼ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም።

በማግሥቱ የአባታችንን እግር ለብ ባለ ውኃ እያጠብሁ፣ ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀው ጠየቅሁት። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ሰው አገር እንደ ገባ እንግዳ ናት አለኝ። ማንም አያውቃትም። ካህናቱ በክርስትና ስሟ ሲጠሯት፣ ድሃው በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ሲል፣ ያን ጊዜ ይህች ነፍስ ሰው አላት ይባልላታል። «እኔ ገሃነሙንም ያን ያህል አልፈራሁት» አለኝ፤ «ሰው የለውም እንዳልባል ነው።» እኔ በሥራዬ ብዙ ሰው እጄ ላይ ሞቷል። ትንፋሽ ሲቆም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ስላለው ግን ከአባቴ የተሻለ የማውቀው ነገር አልነበረኝምና፣ «አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» አልሁት። ራሴን ዳሰሰኝ እንጂ ልቡ አላረፈም። በእኛ አገር ተዝካር በወንድ ልጅ ስም ነው የሚጠራው።

መራመድ እንደ ቻለ ወደ አገሩ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ፣ ለገበያ ጎንደር የመጣ የአገራችን ሰው ሆስፒታል ድረስ ፈልጎኝ መጣ። የአባቴን ሰላምታ አድርሶ፣ እግሩን እያፈራረቀ ቆመ።

«አያ በቁማቸው ተዝካራቸውን ሊያወጡ ነው» አለኝ። «በሬውን ለዚያ ለይተውታል። ጠላው ተጠምቋል።»

ቁም ተዝካር ያለ ነገር ነው፤ አዲስ አልነበረም። የሚያወጣው ግን መካን ነው። ወይም ልጆቹ ያለቁበት፣ ከኋላው የሚያስታውሰው የሌለው ሰው። ሁለት ልጅ አስተምሮ ጎንደር ያስቀመጠ ሰው በቁሙ ተዝካሩን ሲያወጣ እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለወንድሜ ነገርሁት። «ገደለኝ» አለ። «እኔን ነው የቀበረኝ።» አይሄድም ብዬ ነበር። ድግስ ብክነት ነው እየተባለ በየስብሰባው የሚወገዝበት ጊዜ ነው፤ እሱም ራሱ ይህንኑ ለገበሬው ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ግን በነጋታው ፈቃድ ጠይቆ መጣና አብረን ሄድን።

ስንደርስ ዳሱ ተጥሎ፣ ካህናቱ ጸሎታቸውን ጀምረዋል። አባታችን አዲስ ነጠላ ለብሶ ከመካከላቸው ተቀምጧል። ስሙ በተጠራ ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር። ሰው ለራሱ ነፍስ ሲጸለይ እየሰማ እንዲያ ረግቶ ሲቀመጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እኛን ሲያይ ፊቱ በራ። ተነሥቶ ሁለታችንንም ሳመን፤ «ሸጋ ነው፣ መጣችሁ፣ ሸጋ ነው» አለ ደጋግሞ።

ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ወደ ሥራ ገባ። ጠላ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ በዳሱ ጥግ ለተደረደሩት ድሆች እጅ አስታጠበ። እኔ እንጀራ እያቀረብሁ ከጀርባው ነበርሁ። አንዲት ዓይነ ስውር መነኩሴ እጃቸውን ዘርግተው ውኃ ሲፈስላቸው፣

«የኔ ልጅ፣ እኒህ ሰውዬ ምነው በቁማቸው? ልጅ አልሰጣቸውም እንዴ?» አሉት።

ወንድሜ ማስታጠቢያውን እንደ ያዘ ቀና አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርና ከወረዳ የመጣ አንድ ካድሬ ከምሰሶው ሥር ቆመው ያዩት ነበር። እነሱን ፈርቶ ይሁን፣ አባቴን አፍሮ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።

«እንጃ፣ እማሆይ» አለ። «እኔ ጎረቤት ነኝ።»

አባታችን ከእማሆይዋ ብዙ አይርቅም ነበር። ወደዚያው ዞሮ ነበር። ሰማ። አጠገቡ ለተቀመጡት ቄስ ጠላ እንዲቀዱላቸው በእጁ አመለከተ።

የማግሥቱ የጠዋት መኪና እንዳያመልጠን በዚያው ቀን መነሣት ነበረብን። ደጅ ድረስ ሸኘን። እኔን ግንባሬን ሳመኝ። ወደ ወንድሜ ዞሮ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦና ቋንጣ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«እንካ» አለው፤ «ጎረቤት ባዶ እጁን አይመለስም።»

ፈገግ ብሎ ነበር። ቀልዶ ይሁን፣ ተቀይሞ ይሁን፣ ከፈገግታው መለየት አልቻልሁም። ወንድሜ አፉን ከፈተ። የሚናገር መስሎኝ እኔ ዘወር አልሁላቸው። ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመና መንገድ ጀመርን። ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ጊዜ ቆመ። «ልመለስ?» አለኝ። ፀሐዩ አዘቅዝቋል፤ «በሚቀጥለው ስንመጣ ትነግረዋለህ» አልሁት።

የሚቀጥለው አልመጣም። ካድሬው ያየውን አልደበቀም፤ ወንድሜ ተዝካር ሲያሳልፍ ታይቷል ተብሎ በፓርቲ ስብሰባ ላይ ሂስ ወረደበት። «አባቴ ነው፤ አዎ፣ አሳልፌያለሁ» አለ። ለእማሆይዋ ያልተናገረው እዚያ ወጣለት። ከአባልነት አላስወጡትም፤ ለተወሰነ ጊዜ ግን ከጎንደር እንዳይወጣ ተከለከለ። ክረምቱ ሲገባ ከሌሎች አስተማሪዎች ጋር ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቆላ ላኩት።

አባታችን የሞተው በዚያ ክረምት ነው። እኔ ደርሼ አስቀበርሁት። ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ቆላ የሚወርድ ሰው ጠፍቶ፣ ወንድሜ መርዶውን የሰማው መስከረም ጠብቶ ሲመለስ ነው። እኔው ነገርሁት። አልጮኸም። «ተዝካሩ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝና፣ አባታችን በቁሙ እንዳወጣው ትዝ ሲለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አብረን ወደ አገር ሄድን። ወንድሜ የአባታችንን የንስሐ አባት ለብቻቸው አግኝቶ፣ ላደርግለት የምችለው ነገር ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ቄሱ ወንድሜን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሊያስከፉትም አልፈለጉም።

«አባትህ ሁሉን ጨርሶ ነው የሄደ» አሉት። «ሙት ዓመቱንም ቢሆን፣ ልጆቼን እንዳታስቸግሩብኝ፣ ሥራ አለባቸው ብሎኛል። ድሃ ማብላት ከፈለግህ ማን ይከለክልሃል? ግን በእሱ በኩል የቀረ ነገር የለም።»

ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድን። ከእናታችን ጎን ነው። ሣሩ ገና አልያዘውም ነበር። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። እኔ ያባብለዋል ብዬ ያሰብሁትን ተናገርሁ።

«ወንድምዓለም፣ አሁን እኮ ሁሉን ያውቃል። ልብህን ያያል።»

«አንቺ እንዲያ ታምኛለሽ» አለኝ። «ስለዚህ ጸጸት ቢኖርሽ እንኳ ትነግሪዋለሽ። ማታ ስትጸልዪ ትነግሪዋለሽ። እኔ የምነግርበት የለኝም። ያቺ ደጃፍ ላይ የቆምንባት ሰዓት ነበረች፤ እሷም አለፈች።»

«እኔ ልንገርልህ?»

ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ የነገርሽው የኔ አይሆንም።»

ያን ቀን ቢያምን ምንኛ በወደድሁ። ለሃይማኖቱ ብዬ አልነበረም፤ የሚያርፍበት እንዲያገኝ ነበር። አላመነም። ደርግ ሲወድቅ ብዙዎች ነጠላ አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም አልተመለሰም፤ ሳላምን ብሄድ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል አለኝ። አባታችን የሞተበት ቀን በመጣ ቁጥር ግን ሳልጠይቀው አብሮኝ ይመጣል። እኔ ገብቼ አስቀድሳለሁ፤ እሱ ቅጽሩ ውስጥ ጥድ ሥር ይቀመጣል። ከቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ምን ሲያስብ እንደ ቆየ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።